የጓደኛውን ቪዛ የደበቀው ሙዚቀኛ፦ «ሃፍ ብለድ ብሉዝ»ን ያነበባችሁ ኑ እንወያይ

የመጽሐፍ ጓደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንብቤ ስለጨረስኩት አንድ ታሪካዊ ልቦለድ ከሰው ጋር ካላወራሁ አልችልም። ርዕሱ «ሃፍ ብለድ ብሉዝ» ነው። ደራሲዋ ኤሲ ኤዱጂያን ካናዳዊት ናት፤ ወላጆቿ ከጋና የመጡ ናቸው። በ2011 ታትሞ በዚያው ዓመት የካናዳውን የጊለር ሽልማት ወሰደ። ለብሪታኒያው የቡከር ሽልማትም እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ምስጢሩን ስለማወጣው፣ ሳታነቡ መስማት የማትፈልጉ ከዚህ በታች አትውረዱ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ በርሊን ውስጥ አንድ የጃዝ ባንድ አለ። ጥቁር አሜሪካዊ፣ ነጭ ጀርመናዊ፣ አይሁዳዊ ፒያኖ ተጫዋች፣ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ትራምፔት የሚነፋው ልጅ ነው፤ ሂሮኒመስ ፋልክ። ጓደኞቹ ሂሮ ይሉታል። እናቱ ጀርመናዊት ናት፣ አባቱ አፍሪካዊ ወታደር። ተወልዶ ያደገው ጀርመን ነው፣ ሌላ አገር አያውቅም። ናዚዎች ግን ዜግነቱን ነጥቀውታል።

በርሊን መኖር ሲያቅታቸው የተረፉት ወደ ፓሪስ ይሸሻሉ። ፓሪስም በጁን 1940 በጀርመኖች እጅ ትወድቃለች። አንድ ቀን ሂሮ ወተት ካልጠጣሁ ብሎ ከተደበቁበት ይወጣል። ካፌ ውስጥ ያገኙትና ይወስዱታል። ታሪኩን የሚነግረን የደብል ቤዝ ተጫዋቹ ሲድ እዚያው ካፌ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ነበር። አየ፣ ዝም አለ።

በኋላ የምንሰማው ግን ከዚህ የባሰ ነው። የሂሮ ቪዛ መጥቶለት ነበር። ሲድ ደበቀው። የጀመሩት ቀረጻ ሳያልቅ ልጁ እንዳይሄድ ፈለገ። ደግሞም ቀንቶበታል፤ በችሎታው ቀንቷል፣ የሚወዳት ዴላይላ ለልጁ በምታሳየው ፍቅርም ቀንቷል።

እኔ የምለው ይሄን ነው። የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ጥንካሬ ታሪኩን በከሃዲው አፍ ማስነገሩ ነው። ናዚዎቹ በገጾቹ ላይ ብዙም አይታዩም። በር የሚዘጋው ጓደኛ ነው። ሰላም ባለበት አገር ሲድ ያንን ወረቀት ቢደብቅ ቢበዛ ይጣሉ ነበር፣ ከዚያ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል። እዚያ ጊዜና እዚያ ቦታ ግን ያቺ ተራ ቅናት ሰውን ማጎሪያ ካምፕ አስገባች። ናዚ ሳይሆን የናዚን ሥራ ሠራ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቀዳሚት አንባቢ

እህቴ፣ ስላነሳሽው በጣም ደስ ብሎኛል። ግን እኔን ያናደደኝ አንቺ የወደድሽው ነገር ነው። ካምፕ የገባው ሂሮ ነው። የተደበደበው፣ የተራበው እሱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው ግን ሲድ! የሲድ ጸጸት፣ የሲድ ፍቅር፣ የሲድ እርጅና። ሂሮ በካምፕ ያሳለፋቸው ዓመታት የት ገቡ? አንድ ምዕራፍ እንኳ አልተሰጣቸውም። የተበደለውን ዝም አሰኝቶ በዳዩን ማስለፍለፍ ፍትሕ አይመስለኝም።

እንደውም ሲድ ቀለሙ ፈካ ያለ ስለሆነ ነጭ መስሎ ማለፍ ይችላል። ሂሮ ጀርመናዊ ሆኖ ሳለ ጥቁረቱ ከሩቅ ይታያል። ከሁለቱ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሲድ ነው። እና ሁሉም ነገር የተሟላለት ሰው የታሪኩንም ባለቤትነት ወሰደ።

አሮጌ ሸክላ

ልጆቼ፣ እኔ ወደዚህ መጽሐፍ የመጣሁት በጃዝ በኩል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሸክላ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሙዚቃው ትንሽ ልበል።

ናዚዎች ጃዝን የጠሉት ጩኸቱን ጠልተው አይደለም። የጥቁሮችና የአይሁዶች ሥራ ነው ብለው ነው። በኦክቶበር 1935 የጀርመን ሬዲዮ ጃዝ እንዳያሰማ ታገደ። በሜይ 1938 ደግሞ ዱሰልዶርፍ ላይ «የተበላሸ ሙዚቃ» ብለው ኤግዚቢሽን ከፈቱ። የማስታወቂያው ሥዕል ሳክስፎን የሚነፋ ጥቁር ሰው ነው፤ ፊቱን እንደ ዝንጀሮ አድርገው ሥለው፣ ደረቱ ላይ የዳዊትን ኮከብ ለጥፈውበታል። አንድ ሥዕል ላይ ሁለቱንም ሕዝብ ሰደቡ። ያን ሥዕል አይቶ ሂሮን የሚያስብ አንባቢ የልጁ ፍርሃት ወዲያው ይገባዋል።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ የጎብልስ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ራሱ የጃዝ ባንድ አቋቋመ። «ቻርሊና ኦርኬስትራው» ይባላል። የታወቁ የእንግሊዝኛ ዘፈኖችን ግጥም እየለወጡ በሬዲዮ ወደ ብሪታኒያ ያሰራጩ ነበር። ለሕዝባቸው መርዝ ነው ያሉትን ሙዚቃ ለጠላት ማባበያ አደረጉት። ሙዚቃው ኃይል እንዳለው አሳምረው ያውቁ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በልቦለዱ ውስጥ ሉዊ አርምስትሮንግ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ፓሪስ ሆኖ እነ ሂሮን ያገኛቸዋል። እውነተኛው አርምስትሮንግ ግን ከአውሮፓ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1935 መጀመሪያ ነው። በ1939 አሜሪካ ነበር። ታሪካዊ ልቦለድ ሲባል እንዲህ ያለ ነገር ይፈቀዳል ወይ?

የመጽሐፍ ጓደኛ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ሬዲዮው ባንድ አላውቅም ነበር። አርምስትሮንግን በተመለከተ ግን ለደራሲዋ እከራከራለሁ። እሱ ባይኖር የሲድ ቅናት እንዲያ አይፋፋምም። ከታላቁ ሰው ጋር የመቅዳት ዕድል መጣ፣ ሲድ ተቀነሰና ሌላ ቤዝ ተጫዋች ገባ፣ ሂሮ ግን ቀረ። ቪዛውን የደበቁት እጆች የተዋረዱት ያኔ ነው። አራት ዓመት ያህል ማዛባቷን ለዚህ ስትል እቀበልላታለሁ። ቀን ማሸጋሸግና በደልን ማሳነስ አንድ አይደሉም። በደሉ ላይ ብታሸጋሽግ ኖሮ አልምራትም ነበር።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ መጽሐፉን አላነበብኩም፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ናዚዎች ጥቁሮችን እንደ አይሁዶች ነበር የጨፈጨፏቸው? አንዳንድ ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ሲሉ እሰማለሁ። ሌላው ደግሞ ምንም አልተነኩም ይላል።

የበርሊን ነዋሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። አይሁዶችን አንድም ሳይቀር ለማጥፋት ዕቅድ ወጥቶ፣ ባቡር ተመድቦ፣ የመግደያ ካምፕ ተሠርቶ ነበር። ለጥቁሮች እንዲህ ያለ አንድ ወጥ የጭፍጨፋ ዕቅድ አልነበረም። በጀርመን የነበሩት ጥቁሮችም ጥቂት ነበሩ። ግን አልተነኩም ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ሂሮን ውሰድ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ በምዕራብ ጀርመን ያለውን የራይንላንድን ግዛት ስትይዝ ከቅኝ ግዛቶቿ ያመጣቻቸው አፍሪካውያን ወታደሮች አብረው ነበሩ። ከእነሱና ከጀርመን ሴቶች የተወለዱ ልጆች ገና ከሕፃንነታቸው የአገር ውርደት ተብለው ተሰደቡ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1937 የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ የነበረው ጌስታፖ እነዚህን ልጆች በድብቅ እየለቀመ ማምከን ጀመረ። የሚታወቁት ቢያንስ 385 ናቸው። ከትምህርት ቤት፣ ከቤታቸው እየተወሰዱ። ልብ በል፣ የናዚዎች የራሳቸው የማምከን ሕግ እንኳ ይህን አይፈቅድም ነበር። ለዚህ ነው በምስጢር ያደረጉት። ከ1935ቱ የኑረምበርግ ሕጎች በኋላ ደግሞ ጥቁር ሰው ነጭ ጀርመናዊት ማግባት አይችልም። ሥራ የለም፣ ፓስፖርት የለም።

የተገደሉም አሉ። ሂላሪዩስ ጊልገስ የሚባል ጥቁር ጀርመናዊ ዳንሰኛ ነበር። የዱሰልዶርፍ ልጅ ነው፣ ኮሚኒስትም ነበር። በጁን 1933 ናዚዎች ከቤቱ ወስደው አሰቃይተው ገደሉት። ገና 24 ዓመቱ ነበር። አሁን እዚያው ከተማ በስሙ የተሰየመ አደባባይ አለ።

እኔ ባለሁበት በርሊን ደግሞ ብሩነን ጎዳና ላይ የእግረኛ መንገዱ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ የናስ ድንጋይ አለች። ባዩሜ መሐመድ ሁሴን ይላል። ዳሬሰላም የተወለደ ነው። በልጅነቱ ለጀርመን ጦር ተዋግቷል። ከዚያ በርሊን መጥቶ አስተናጋጅ ሆነ፣ ስዋሂሊ አስተማረ፣ በቅኝ ግዛት ፊልሞች ላይ ተወነ። በ1941 ከነጭ ሴት ጋር ግንኙነት አለህ ተብሎ ተያዘ፣ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ገባ፣ እዚያው በ1944 ሞተ። ለጀርመን የከፈለው ሁሉ አላዳነውም።

አዲስ ገቢ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ያ ፊልም የምትለው ነገር ግን አልገባኝም። እየጠሏቸው ፊልም ላይ ያሠሯቸዋል?

የበርሊን ነዋሪ

አዎ። ናዚዎች የድሮ ቅኝ ግዛቶቻቸውን የማስመለስ ሕልም ነበራቸው። የአፍሪካ ፊልም ሲሠሩ ጥቁር ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሌላ መድረክ ለተዘጋበት ጥቁር አርቲስት የቀረው ያ ብቻ ሆነ። «የጀርመን አፍሪካ ትርኢት» የሚባል ከከተማ ከተማ የሚዞር ዝግጅትም ነበር፣ በ1940 ተዘጋ። አባቱ ካሜሩናዊ የሆነው ቴዎዶር ቮንያ ሚካኤል በርሊን ተወልዶ፣ በልጅነቱ በእንዲህ ያለ ትርኢት እየታየ አድጎ፣ በጦርነቱ ጊዜ የግዳጅ ሥራ ሠርቶ ተርፏል። በ2019 ነው ያረፈው። ራሱ ጽፎታል። ለመኖር ሲል የሚሰድበውን ፊልም መሥራት! ይህን ሳስብ ስለ ሂሮ ዝምታ ሌላ ነገር ይገባኛል። የተረፈ ሰው ሁሉ ስለ መትረፉ ማውራት አይፈልግም።

ቀዳሚት አንባቢ

ይህ የመጨረሻው አባባልህ ከባድ ነው። ግን ዝም ማለቱን የመረጠው ሂሮ ነው ወይስ ደራሲዋ? ልዩነት አለው እኮ። በሕይወት የነበረ ሰው ዝም ሲል አከብራለሁ። የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ግን ዝም የሚለው ደራሲ ስላሰኘው ነው።

አሮጌ ሸክላ

ልጄ፣ አንቺ የምትፈልጊው መጽሐፍ አለ። ጆን ዊሊያምስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በ1999 «ክሊፈርድስ ብሉዝ» የሚል ልቦለድ አውጥቷል። የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ የሆነ ጥቁር ፒያኖ ተጫዋች በርሊን ሲሠራ በ1933 ይያዝና ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ይገባል። ወንድ ወዳድ በመሆኑ ነው የያዙት። እዚያ አንድ የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) መኮንን ከበርሊን የምሽት ክበቦች ያውቀዋልና ወስዶ የቤት አሽከር ያደርገዋል። ሰውዬው ለመኮንኖች ጃዝ ይጫወታል፣ እየተጫወተ ይኖራል። መጽሐፉ በአብዛኛው በዕለት ማስታወሻ መልክ የተጻፈ ነው፣ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ። ረሃቡንም፣ ውርደቱንም፣ ለገዳዮቹ ፒያኖ መምታቱንም የሚነግረን ራሱ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ጥሩ ነው። ለእኔ የዊሊያምሱ ከባዱ ነው። ማንበቡ ያደክማል። ካምፑ ገጽ በገጽ እየሰፋ ሲሄድ ታያለሽ።

ቀዳሚት አንባቢ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት! እፈልገዋለሁ።

ታሪክ ወዳዱ

እስካሁን ያላነሳችሁት እውነተኞቹ ሙዚቀኞች አሉ። አርተር ብሪግስ አንዱ ነው። ከካሪቢያኗ ግሬናዳ የመጣ፣ በፓሪስ የታወቀ ትራምፔት ተጫዋች። ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ የብሪታኒያ ዜጋ ነህ ብለው ሰን ደኒ ካምፕ አስገቡት፤ እስከ 1944 ታሰረ። እዚያ እስረኞችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ መርቷል። ከሂሮ ጋር ስታስተያዩት ይገርማል፤ ያው ትራምፔት፣ ያው ከተማ፣ ያው ዓመት። ብሪግስ ግን የሚጠይቅለት መንግሥት ያለው ዜጋ ነበር። የዜጎች ማቆያ ካምፕና ማጎሪያ ካምፕ አንድ አይደሉም። በአንዱ የቀይ መስቀል ጥቅል ይመጣል፣ በሌላው ሰው በሥራ ብዛት ይሞታል። ሂሮ ዜግነቱን የተነጠቀ ስለሆነ ማንም አይጠይቅለትም። ልቦለዱ ውስጥ ወረቀቷ ያን ያህል የከበደችው ለዚህ ነው።

ፒያኖ ተጫዋቹ ፍሬዲ ጆንሰንም አለ። አሜሪካዊ ነው፣ አምስተርዳም ይሠራ ነበር። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ተይዞ ባቫሪያ ውስጥ ቲትሞኒንግ የሚባል ካምፕ ታሰረ፤ በ1944 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ቫለይዳ ስኖውን ደግሞ ሴቶቹ ብታውቋት ደስ ይለኛል። በትራምፔት ችሎታዋ «ትንሿ ሉዊ» ይሏት ነበር። ዴንማርክ ውስጥ ታስራ በ1942 ተለቀቀች። አሜሪካ ስትመለስ በናዚ ማጎሪያ ካምፕ እንደነበረች ተወራ፣ እሷም ተናገረች። በኋላ የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ግን የኮፐንሃገን እስር ቤት ውስጥ እንደነበረች ነው። እኔ በዚህ አልፈርድባትም። ተሰብራ ነው የተመለሰችው፣ ያ እውነት ነው። ግን ስለዚህ ዘመን የምንጽፍም የምናወራም ሰዎች ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እውነቱ ራሱ በቂ ነው፣ ጭማሪ አይፈልግም።

ከቦሎኛ

ከሙዚቃው ትንሽ ልውጣ፣ ግን የእኛም ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። በ1940 የሙሶሊኒ መንግሥት ኔፕልስ ላይ ትልቅ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ከፈተ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ሰዎች አምጥተው ለእይታ አቀረቡ። ወዲያው ጣሊያን ጦርነት ገባች፣ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፣ ሰዎቹ መመለሻ አጥተው ቀሩ። በ1943 ማርኬ ክልል ውስጥ ትሬያ የምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ቪላ ውስጥ ተጠብቀው ነበር። በዚያ ዓመት መከር ላይ የተወሰኑት አምልጠው ተራራ ወጡና ናዚንና ፋሺስትን ከሚዋጉ ፓርቲዛኖች ጋር ተቀላቀሉ። አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ጣሊያኖች ካርሎ አባማጋል ብለው የመዘገቡት፣ በኖቬምበር 1943 በውጊያ ተሰዋ።

ስለ እነሱ በአማርኛ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው እናፍቃለሁ። ኤዱጂያን የጋና ወላጆች ልጅ ሆና የራይንላንድን ልጆች ፈልጋ ካገኘች፣ እነዚህን የሚፈልግ ከእኛ መጥፋት የለበትም።

የመጽሐፍ ጓደኛ

ይህን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። ተለይቶ ክር ይከፈትበት፣ እለምንሃለሁ።

ወደ ሲድ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያልተነካ ነገር አለ። ሂሮ ከተወሰደ በኋላ ያ ቀረጻ ተረፈ። ከዓመታት በኋላ ሸክላው ሂሮን ስመ ጥር አደረገው። በ1992 በርሊን ውስጥ ፊልም ተሠርቶለት ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ሲድ ወረቀቱን ባይደብቅ ኖሮ ሂሮ በጊዜ ይሄድ ነበር፣ ቀረጻውም አያልቅም ነበር። ደራሲዋ ይህን ወጥመድ ሆን ብላ ነው የሠራችው። እኛም ያን ሙዚቃ ስናደንቅ ከሲድ ጋር ነን።

አሮጌ ሸክላ

እኔ አይደለሁም። ሸክላው ይቅር! ቤቴ ሙሉ ሸክላ ነው፣ እያንዳንዱን እንደ ልጄ ነው የማየው። ግን አንዱንም ለአንድ ቀን እስር አልለውጠውም። ሲድ «ለሙዚቃው ስል ነው» ሲል እኔ አላምነውም። ሙዚቃውን ቢወድ ኖሮ የሚነፋውን ልጅ ያድን ነበር። ልጁ አሜሪካ ገብቶ ሌላ መቶ ቀረጻ ይቀዳ ነበር እኮ! የጠፋው ያ ነው፤ እሱን የሚቆጥር የለም።

ቀዳሚት አንባቢ

ጋሼ ያሉትን ሳነብ ቅሬታዬ መልክ ያዘ። ልቦለዱ የተረፈችውን አንዲት ሸክላ አከበረ፣ ያልተቀዱትን ግን ረሳቸው። ሂሮ ከካምፕ ወጥቶ ሌላ ሰው ሆነ፣ ፖላንድ ገጠር ገባ። ሲድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሄዶ ሲናዘዝለት እኔ የሲድን እንባ አላየሁም፣ ያን ሁሉ ዓመት ትራምፔት ያልነፋውን ሰው ነበር የማየው።

የበርሊን ነዋሪ

ኑዛዜው ላይ እኔ ሌላ ነገር አስቤ ነበር። ሲድ ሁሉን የተናገረው ጓደኛቸው ቺፕ ፊልሙ ላይ ሂሮን ከድቷል ብሎ በአደባባይ ከከሰሰው በኋላ ነው። ባይከሰስ ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ይሄድ ነበር? እኔ አይመስለኝም። የመጽሐፍ ጓደኛ፣ አንቺ ሲድን ስትረጂው ይታየኛል፣ ቺፕ ባይናገር ይናዘዝ ነበር ትያለሽ?

የመጽሐፍ ጓደኛ

አይናዘዝም ነበር። ለዚህ ነው እሱ እንዲተርክ መደረጉን የምደግፈው። ሂሮ ቢተርክ ኖሮ ስለ ቪዛው ፈጽሞ አናውቅም፤ እሱ ራሱ አያውቅማ። ያን ወረቀት ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ናዚዎቹ ሰነድ ያቃጥሉ ነበር፣ ሲድም የራሱን ሰነድ ደብቆ ሃምሳ ዓመት ኖረ። ያ ሰው ካልተናገረ የሂሮ በደል ግማሹ ተቀብሮ ይቀራል። የዊሊያምስን መጽሐፍ የምታገኙ ካላችሁ በሚቀጥለው ወር እሱን እናንብብና እዚሁ እንቀጥል። ጋሼ፣ እርስዎ ይክፈቱልን።

አሮጌ ሸክላ

እሺ ልጄ፣ እከፍታለሁ። የቦሎኛውም ልጅ የእነ አባማጋልን ክር አይርሳ፣ እኔ ቀድሜ እመጣለሁ።